ማሽኑ አንድ፣ ጣጣው ሦስት፦ የዕፅዋት፣ የአይጥና የሰው ጂኖም እንዴት ይነበባል?

የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን የቀረበለት የስንዴ ቅጠል ይሁን የአይጥ ጣፊያ ወይም የሰው ደም ለይቶ አያውቅም። ለእሱ ሁሉም አራት ፊደል ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ። ልዩነቱ ያለው ከማሽኑ በፊትና በኋላ ነው። በዕፅዋት ሥራ ጣጣው ቅጠሉ ሲፈጭ ይጀምርና ንባቡ ሲገጣጠም ይብሳል። በአይጥ ሥራ ስህተቱ የሚደበቀው የእርባታ መዝገቡ ውስጥ ነው። በሰው ላይ ደግሞ ማንበቡ ቀላሉ ክፍል ሆኗል፤ ከባዱ የተነበበው ምን ማለት እንደሆነ መፍረድ ነው። ይህን ክፍፍል የያዘ ሰው ስለ ጂኖም ምርምር የሚሰማውን አብዛኛውን ነገር መልክ ሊያስይዘው ይችላል።

በመጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። እያንዳንዱ ፊደል ቤዝ ይባላል። የአረቢዶፕሲስ ጂኖም 135 ሚሊዮን ቤዝ ገደማ ሲሆን በ5 ክሮሞሶም ላይ ተቀምጧል። አረቢዶፕሲስ ከሰናፍጭና ከጎመን ቤተሰብ የሆነች ትንሽ አረም ናት። የቤተ ሙከራ አይጥ 2.7 ቢሊዮን ቤዝና 20 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፤ ሰው 3.1 ቢሊዮን ቤዝና 23 ጥንድ። በቆሎ 2.3 ቢሊዮን ስለሆነ ከአይጥ ብዙም አይርቅም። የዳቦ ስንዴ ግን 16 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ የሰውን አምስት እጥፍ ያህላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከኒው ካሌዶኒያ የመጣ አንድ ፈርን ተለክቶ 160 ቢሊዮን ቤዝ ሆኖ ተገኝቷል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጂኖም ትልቅነት የፍጡሩን ውስብስብነት አይለካም። ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች በሰው 20,000 ያህል ናቸው፤ በአረቢዶፕሲስ ከ27,000 ይበልጣሉ። ትርፉ መጠን በአብዛኛው የሚመጣው ራሳቸውን እየቀዱ በጂኖሙ ውስጥ ከተሰራጩ ተደጋጋሚ ቅደም ተከተሎች ነው። ከበቆሎ ጂኖም 85 በመቶ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ነው። ቀጥሎ የሚነሣው አብዛኛው ችግር ከነዚህ ድግግሞሾች ጋር ይያያዛል።

ሁለቱን ቅጂ አንድ የማድረግ ብልሃት

እንስሳም ሆነ ተክል በተለምዶ እያንዳንዱን ክሮሞሶም በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት። ሁለቱ ቅጂዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የተሰባበረ ዲኤንኤ ሲገጣጠም ኮምፒውተሩ በሁለት ቁራጮች መካከል ትንሽ ልዩነት ካየ ሦስት አማራጭ አለው፦ የንባብ ስህተት ነው፣ የእናትና የአባት ልዩነት ነው፣ ወይም ጂኖሙ ውስጥ ሌላ ቦታ ያለ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው። ሦስቱን መለየት ከባድ ስለሆነ ተመራማሪዎች ከጅምሩ ሁለት ቅጂው አንድ የሆነ ናሙና ይፈልጋሉ።

አረቢዶፕሲስ በዲሴምበር 2000 ከዕፅዋት ሁሉ ቀድማ የተነበበችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ይሆናሉ። በዲሴምበር 2002 ንድፉ (ገና ያልተሟላው የመጀመሪያ ንባቡ) የታተመው አይጥ ብላክ 6 የሚባለው ዘር ነበር። አንድ የአይጥ ዘር የጠራ ለመባል ቢያንስ 20 ትውልድ ወንድምና እኅት እየተዳቀሉ መርባት አለባቸው። ሰው ላይ ይህ አይቻልም። ስለዚህ የሰው ጂኖም ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ በ2022 ማለት ነው፣ የተመረጠው ምንጭ ያልተለመደ ነበር፦ የእናት ክሮሞሶም ከሌለበት እንቁላል የተነሣ፣ ሁለቱም ቅጂ ከአንድ የወንድ ዘር ህዋስ የተቀዳበት የህዋስ መስመር። ይህ ሥራ በ2001 ንድፍና በ2003ቱ «የተጠናቀቀ» እትም ያልተነበቡትን 200 ሚሊዮን ያህል ቤዝ ጨምሯል፤ ከጂኖሙ 8 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ዋይ ክሮሞሶም ደግሞ ለብቻው በ2023 ተሟላ። «ተጠናቀቀ» የሚለው ዜና ሃያ ዓመት ቀድሞ መውጣቱ ሳይታወስ አይታለፍም።

ማሽኑ የሚሠራው

ክሮሞሶምን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው የሚያነብ ማሽን የለም። ሁሉም የሚያነቡት ቁራጭ ነው፤ ልዩነቱ ቁራጩ ስንት ነው የሚለው ላይ ነው።

ኢሉሚና የተባለው ኩባንያ የሚጠቀመው ዘዴ አጭር ንባብ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቁራጭ ሁለት ጫፍ 150፣ 150 ቤዝ። ዲኤንኤው 350 ቤዝ አካባቢ ወደሆኑ ቁራጮች ይሰበራል፤ በሁለቱም ጫፍ አዳፕተር የሚባል የታወቀ ቅደም ተከተል ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በመስታወት ገጽ ላይ ተጣብቆ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ብዙ ተመሳሳይ ቅጂዎች ይባዛል። በየዙሩ አንድ ብርሃን የሚሰጥ ፊደል ይታከልና ፎቶ ይነሣል። ንባቡ ከ150 አካባቢ ለምን አይዘልም ለሚለው መልሱ እዚህ ነው፦ በየዙሩ ጥቂት ቅጂዎች ወደኋላ ይቀራሉ ወይም ይቀድማሉ፤ ዙሩ ሲበዛ በአንድ ነጥብ ላይ ያሉት ቅጂዎች የተለያየ ፊደል ያበራሉ፤ ምልክቱም ይደፈርሳል። የንባቡ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይልቅ ስህተት የሚበዛበት ለዚህ ነው።

ፓክባዮ የተባለው ኩባንያ ሃይፋይ በሚለው ዘዴው ከ15,000 እስከ 20,000 ቤዝ የሆነን ቁራጭ ወደ ክብ ቀለበት ይቀይርና ኢንዛይሙ ቀለበቱን ደጋግሞ ይዞረዋል። አንዱን ዙር ብቻ ቢወስዱት ስህተቱ ብዙ ነው፤ ዙሮቹ ሲነጻጸሩ ግን ትክክለኛነቱ ከ99.9 በመቶ ይበልጣል። ናኖፖር የሚባለው ዘዴ ዲኤንኤውን በጠባብ የፕሮቲን ቀዳዳ አሳልፎ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ለውጥ ያነባል። ከ100,000 ቤዝ በላይ የሆነ ንባብ ይሰጣል፤ ከ2 ሚሊዮን ያለፉም ተመዝግበዋል። ድክመቱ አንድ ፊደል በተከታታይ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ቁጥሩን መሳቱ ነው።

ጥራት የሚለካው ኪው በሚባል ነጥብ ነው። ኪው 20 ከ100 አንድ ስህተት፣ ኪው 30 ከ1,000 አንድ፣ ኪው 40 ከ10,000 አንድ ማለት ነው።

ስንት ጊዜ ማንበብ ይበቃል?

ቁራጮቹ በዘፈቀደ ስለሚወድቁ ጂኖሙን «አንድ ጊዜ ያህል» ማንበብ ሁሉንም ማንበብ አይደለም። አማካይ ሽፋኑ (እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተነበበ) 1 ሲሆን 37 በመቶው ጭራሽ ሳይነበብ ይቀራል። ሽፋኑ 5 ሲሆን ያልተነበበው ወደ 0.7 በመቶ ይወርዳል። 10 ሲደርስ በሰው ጂኖም ላይ 140,000 ያህል ቤዝ ብቻ ይቀራል። ይህ ግን የመልካም ዕድል ስሌት ነው፤ በተግባር ጂ እና ሲ የበዛባቸው ቦታዎች ከስሌቱ በታች ይነበባሉ።

ታዲያ 10 እጥፍ ከበቃ 30 እጥፍ ለምን ይጠየቃል? መልሱ ሁለቱ ቅጂዎች ላይ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ከእናቱ ኤ፣ ከአባቱ ጂ ወርሷል እንበል። በዚያ ቦታ ላይ 10 ንባብ ቢወድቅና ልዩነቱን ለማመን ቢያንስ 3 ንባብ ጂ እንዲያሳይ ብንጠይቅ፣ ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ሳናየው እናልፋለን። በ30 ንባብ ግን ይህ ዕድል ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ከ3 ንባብ በታች አናምንም የምንለውም በምክንያት ነው፦ 30 እጥፍ የሰው ጂኖም 93 ቢሊዮን ቤዝ ነው፤ ስህተቱ ከ1,000 አንድ ቢሆን 93 ሚሊዮን የተሳሳተ ፊደል አለ ማለት ነው። አንድ ንባብ ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ሁለቱ ቅጂው አንድ የሆነ አይጥ ወይም ራሱን የሚያዳቅል ተክል በዚህ ስሌት ይጠቀማል፤ ያነሰ ሽፋን ይበቃዋል።

ቅጠሉን ማሸነፍ

ከሰው ደምና ከአይጥ ጣፊያ ንጹሕ ዲኤንኤ ማውጣት ቀላል ነው። ቅጠል ግን ይታገላል። ጠንካራ የህዋስ ግድግዳ አለው፤ በስኳር ሰንሰለቶችና በፖሊፌኖል የተሞላ ነው። ህዋሱ ሲሰበር ፖሊፌኖሉ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ይጠቁርና ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቃል፤ የስኳር ሰንሰለቱ ደግሞ እንደ ሙጫ ሆኖ አብሮ ይወርዳል። ሁለቱም ቀጥሎ የሚመጡትን ኢንዛይሞች ያደነዝዛሉ።

ዛሬም ድረስ ብዙዎች የሚመለሱበት መንገድ ሲታብ በሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካል የሚሠራው ነው። ተክሉን 48 ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ማቆየት ስታርቹን ይቀንሳል፤ ቅጠሉም ለጋ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም በአንድ ክብደት ውስጥ ብዙ ህዋስና ጥቂት ፖሊፌኖል አለው። 100 ሚሊግራም ቅጠል በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ በሙቀጫ እንደ ዱቄት ይፈጫል። ዱቄቱ ቀጥሎ የሚጨመረው ፈሳሽ ሳይነካው መቅለጥ የለበትም፤ ሲቀልጥ ከተሰበሩት ህዋሳት የወጡት ኢንዛይሞች ወዲያው ዲኤንኤውን መቆራረጥ ይጀምራሉ። ብዙ የከሸፈ ናሙና የሚከሽፈው በዚህች ግማሽ ደቂቃ ነው።

ከዚያ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ 600 ማይክሮሊትር ያህል ፈሳሽ ይጨመራል፦ 2 በመቶ ሲታብ፣ 1.4 ሞላር ጨው፣ 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ 100 ሚሊሞላር ትሪስ፣ በዚያ ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ፒቪፒና ጥቂት ቤታ መርካፕቶኢታኖል። ሁሉም ሥራ አለው። ሲታብ የህዋሱን ሽፋን ያፈርሳል፤ ጨው በበዛበት ፈሳሽ ውስጥም ፕሮቲንና የስኳር ሰንሰለት ይዞ ዲኤንኤውን ይለቃል። ጨው የሚቀንስ ሰው ዲኤንኤውን ከቆሻሻው ጋር አብሮ ይጥላል። ኢዲቲኤ ቆራጭ ኢንዛይሞች የሚፈልጉትን ማግኒዚየም ይነጥቃል። ፒቪፒ ፖሊፌኖሉን ያስራል፤ መርካፕቶኢታኖል እንዳይጠቁር ይከላከላል (ሽታው መጥፎ፣ ጋዙ መርዛማ ስለሆነ ጭስ በሚመጥ ካቢኔ ውስጥ ነው የሚሠራበት)።

ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ እኩል መጠን ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል በ24 ለ1 ድርሻ ይጨመርና በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል። ሦስት ንብርብር ይወጣል፤ የሚፈለገው ከላይ ያለው የጠራ ፈሳሽ ነው። መሃል ያለውን ነጭ ንብርብር አለመንካት ይሻላል፤ ከላይኛው ፈሳሽ ጥቂት ትቶ መሄድ ከስስት ይበልጣል። ሁለት ሦስተኛ መጠን አይሶፕሮፓኖል ዲኤንኤውን ያወርደዋል፤ በ70 በመቶ ኢታኖል ይታጠባል፤ አርኤንኤውን የሚበላ ኢንዛይም ይጨመራል።

ውጤቱ ቡናማ ከሆነ ፖሊፌኖል አለ። ፒፔቱ ላይ እንደ ክር የሚጎተትና የማይሟሟ ከሆነ የስኳር ሰንሰለት ነው። በብርሃን መለኪያ 260 ለ280 የሚባለው (በሁለት የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካ) ምጥጥን 1.8 አካባቢ፣ 260 ለ230 ደግሞ 2 አካባቢ መሆን አለበት፤ የሁለተኛው መውረድ ከሁለቱ ቆሻሻዎች አንዱን ወይም የተረፈ ጨውን ያመለክታል። መጠኑን ግን በዚህ መለኪያ አትመኑ። አርኤንኤንም ነጠላ ፊደሎችንም እንደ ዲኤንኤ ስለሚቆጥር ከእውነተኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያሳይ ይችላል። ከዲኤንኤ ጋር ብቻ ሲያያዝ የሚበራ ቀለም የሚጠቀም ፍሎሮሜትር ያስፈልጋል። ሁለቱ መለኪያዎች በጣም ከተራራቁ ናሙናው ገና አልጸዳም።

ለረጅም ንባብ ደግሞ ዲኤንኤው ሳይሰበር መቆየት አለበት። ቱቦውን መናጥ አይቻልም፤ የፒፔቱ ጫፍ ሰፊ አፍ ያለው መሆን አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ኒውክሊየሱን አስቀድሞ ነጥሎ ማውጣት ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ አንድ የቅጠል ህዋስ ክሎሮፕላስት ውስጥ ያለውን ትንሽ ጂኖም (በአረቢዶፕሲስ 154,478 ቤዝ) በሺህ በሚቆጠር ቅጂ ይይዛል። ኒውክሊየሱ ካልተነጠለ ከተከፈለበት ንባብ አንድ አምስተኛው ያህል ማንም ባልጠየቀው ክሎሮፕላስት ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ቁራጮቹ ለአጭር ንባብ ሲዘጋጁ አዘውትሮ የሚገጥመው ችግር አዳፕተር ከአዳፕተር ጋር መጣበቁ ነው፤ በጄል ላይ ከ120 እስከ 130 ቤዝ አካባቢ ሹል ምልክት ሆኖ ይታያል። ትንሽ ስለሆነ በመስታወቱ ላይ ከትልልቆቹ ቀድሞ ይይዛል፤ ጥቂቱ ብዙ ንባብ ይበላል። ከናሙናው መጠን 0.8 እጥፍ ማግኔታዊ ቅንጣት ጨምሮ ደግሞ ማጽዳት ያስወግደዋል።

አዝማቹ የበዛበት ጂኖም

አሁን ቁራጮቹ ተነብበዋል። መገጣጠሙ ከባድ የሚሆነው በድግግሞሹ ምክንያት ነው። ረጅም ዘፈን ውስጥ አዝማቹ እየተመላለሰ ይመጣል፤ በእጅ የገባው የአዝማቹ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ከየትኛው ስንኝ በኋላ የተዘፈነው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ቁራጩ ከአዝማቹ ፊትና ኋላ ያለውን ስንኝ ጭምር ከያዘ ግን ቦታው ያለ ክርክር ይታወቃል። የበቆሎ ድግግሞሾች ብዙዎቹ 10,000 ቤዝ አካባቢ ርዝመት አላቸው። 150 ቤዝ የሆነ ንባብ ውስጣቸው ይሰምጣል፤ 20,000 የሆነው ያልፋቸዋል።

በስንዴ ላይ ሌላ ችግር ይደረባል። የዳቦ ስንዴ ሦስት የቀድሞ ሣሮች ተዳቅለው የፈጠሩት ስለሆነ ሦስት ሙሉ ጂኖም ይይዛል፤ ኤ፣ ቢ እና ዲ ይባላሉ። እያንዳንዳቸው 7 ጥንድ፣ በድምሩ 21 ጥንድ ክሮሞሶም። አንድ ጂን በሦስቱም ላይ በጣም ተመሳሳይ ሆኖ ይገኛል። በ2018 የታተመው የስንዴ ማጣቀሻ ጂኖም (ሌሎች ንባቦች የሚወዳደሩበት) 14.5 ቢሊዮን ቤዝ ሸፍኖ 107,891 ጂን በከፍተኛ እምነት መዝግቧል። አጭር ንባብ ብቻ ይዞ ስንዴን የሚመረምር ሰው ከኤ የመጣውን ንባብ ቢ ላይ ሊጭነው ይችላል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ራሱን በሚያዳቅል ስንዴ ውስጥ የእናትና የአባት ልዩነት ከሞላ ጎደል መጥፋት ሲገባው፣ በብዙ ሺህ ቦታ ላይ «ሁለት ዓይነት ፊደል» ይታያል፤ እዚያው ላይ ሽፋኑ ከአማካዩ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ያ የተክሉ ልዩነት አይደለም፤ ሁለት ጂኖም አንድ ላይ ተደፍጥጦ ነው።

አዲስ ተክል ከመገጣጠም በፊት በርካሽ አጭር ንባብ የሚደረግ አንድ ምርመራ አለ፤ ዘሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ገንዘብ ያባክናል። ንባቡ ሁሉ 21 ፊደል ወዳላቸው ቃላት ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጠራል። በግራፍ ሲሣል ጉብታ ይወጣል። የቃላቱ ጠቅላላ ብዛት 20 ቢሊዮን ቢሆንና ጉብታው 40 ላይ ቢያርፍ፣ ጂኖሙ 500 ሚሊዮን ቤዝ ገደማ ነው። በ20 ላይ፣ ማለትም በግማሹ፣ ሌላ ጉብታ ከታየ የሁለቱ ቅጂ ልዩነት ከፍተኛ ነው፤ የመገጣጠሙ ዕቅድ ይህን ማወቅ አለበት።

የመገጣጠም ጥራት ሲነገር ኤን 50 የሚባል ቁጥር ይጠቀሳል፦ ከተገጣጠመው ጠቅላላ ርዝመት ግማሹ በዚህ ርዝመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ቁራጮች ውስጥ ነው ማለት ነው። ትልቅ ኤን 50 ያስደስታል፤ ነገር ግን በስህተት የተቀጣጠሉ ቁራጮችም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ በህዋሱ ውስጥ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ የሚያሳየው ሃይሲ የተባለ ዘዴ ማረጋገጫ ሆኖ ይጨመራል፤ በየዝርያው በአንድ ቅጂ ይገኛሉ ተብለው የሚጠበቁ ጂኖችም ይቆጠራሉ። በተራ ባለ ሁለት ቅጂ ተክል ውስጥ እነዚህ ጂኖች እጥፍ ሆነው ከተገኙ የእናትና የአባት ቅጂ እንደ ሁለት የተለያየ ቦታ ተቆጥሯል።

አንዱን ፊደል ከሺዎች መለየት

የተነበበ ጂኖም ምን ይጠቅማል ለሚለው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2012 በሩዝ ላይ የተገለጸው ሙትማፕ ነው። ዘር በኢኤምኤስ ኬሚካል ሲነከር በጂኖሙ ላይ ብዙ ጂዎች ወደ ኤ ይቀየራሉ። ከበቀሉት አንዱ አጭር ሆነ እንበል። ከብዙዎቹ ለውጦች የትኛው አሳጠረው?

አጭሩ ተክል ካልተነከረው ወላጅ ዘሩ ጋር ይዳቀላል። ለውጡ ሪሴሲቭ (በሁለቱም ቅጂ ላይ ሲኖር ብቻ የሚታይ) ከሆነ በሁለተኛው ትውልድ ሩቡ አጭር ይሆናል። ቢያንስ 20 አጫጭሮች ተመርጠው ዲኤንኤያቸው በእኩል መጠን ይደባለቅና ከ10 እጥፍ በላይ ይነበባል። በየቦታው ከንባቡ ስንት እጁ የተለወጠውን ፊደል እንደያዘ ይሰላል። ከማጠሩ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ለውጦች 0.5 አካባቢ ይዋዥቃሉ፤ ተክሉን ያሳጠረው ለውጥ 1 ይሆናል፤ ጎረቤቶቹም ወደ 1 ይጠጋሉ። በግራፉ ላይ አንድ ተራራ ይነሣል።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ረጅሙን አጭር ብሎ መምረጥ ነው፤ ከ20 ተክል አንዱ ሙሉ በሙሉ ያልተለወጠ ከሆነ ቁጥሩ ከ1 ወደ 0.95 ይወርዳል፤ አራት አምስት ከሆኑ ተራራው ይናዳል። ሁለተኛው ወላጁን ሳያነቡ ከሌላ የሩዝ ዝርያ ማጣቀሻ ጋር ማወዳደር ነው። ያኔ በሁለቱ ዝርያ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ 1 ሆኖ ይታያል፤ ተራራው በሜዳ ሙሉ ተራራ መሃል ይጠፋል።

አይጥ፦ መዝገቡ ሲያሳስት

ለአይጥ ዲኤንኤ ከጆሮ ወይም ከጅራት ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፤ ፕሮቲኔዝ ኬ በሚባል ኢንዛይም በ55 ዲግሪ ያድራል። መገጣጠምም አያስፈልግም፤ የብላክ 6 ማጣቀሻ አለ። ከአይጥ ጂኖች 80 በመቶ ያህሉ በሰው ላይ አንድ ለአንድ የሚዛመድ ጂን አላቸው። ሥራው እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ጣጣው «ብላክ 6» አንድ ዘር አለመሆኑ ነው። በ1951 ከጃክሰን ላቦራቶሪ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሄዱት አይጦች ለብቻቸው እየረቡ ኤን የሚባለውን ንዑስ ዘር ፈጥረዋል፤ የቀሩት ጄ ናቸው። ጄ ውስጥ ኤንኤንቲ የተባለ የሚቶኮንድሪያ ጂን በከፊል ጎድሏል፤ የስኳር አጠቃቀማቸውን ይነካል። ኤን ውስጥ ደግሞ ሲአርቢ 1 የተባለ ጂን ላይ ያለ ለውጥ ሬቲናን ይጎዳል። ስለዚህ ጂን የተነቀለበትን ጄ አይጥ ከኤን ጋር አወዳድሮ «ይህ ጂን ስኳርን ይቆጣጠራል» ማለት ይቻላል፤ ድምዳሜው ግን ስለ ተነቀለው ጂን ላይሆን ይችላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ፣ ጂኑ ያልተነቀለባቸውን ወንድሞች ማወዳደሪያ ማድረግ።

በድሮው መንገድ ጂን የተነቀለባቸው አይጦችም ሌላ ጓዝ ይዘዋል። ነቀላው 129 በሚባለው ዘር ተሠርቶ ከዚያ ከብላክ 6 ጋር 10 ትውልድ ሲዳቀል ጂኖሙ 99.9 በመቶ ብላክ 6 ነው ይባላል። በተነቀለው ጂን ዙሪያ ግን በአማካይ ከ30 ሚሊዮን ቤዝ በላይ የሆነ የ129 ቁራጭ አብሮ ይቀራል፤ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ሊኖሩ ይችላሉ።

ማወዳደሪያን መምረጥ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያሳየው በ2017 የታተመ አንድ ጽሑፍ ነው። ክሪስፐር በተባለው የጂን ማስተካከያ መሣሪያ የተስተካከሉ ሁለት አይጦችን ከአንድ ካልተነካ አይጥ ጋር አወዳድሮ ክሪስፐር ከሺህ በላይ ያልታሰበ ለውጥ አመጣ አለ። ወላጆቻቸው አልተነበቡም ነበር፤ ሁለቱ አይጦች የሚጋሩት ልዩነት ከመጀመሪያው የወረሱት ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ በ2018 ተሽሯል። የአክሲዮን ገበያው ግን ወሬውን እንጂ ሽረቱን አልጠበቀም።

የሰው ዕጢ ተተክሎባቸው የሚጠኑ አይጦች ላይ ደግሞ የተነበበው ዲኤንኤ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ወደ ሰው ማጣቀሻ ብቻ ከተላከ የአይጡ ፊደል የካንሰር ለውጥ መስሎ ይታያል። ንባቡን ከሁለቱም ጂኖም ጋር አንድ ላይ አነጻጽሮ ወደ አይጡ የሚያደላውን መጣል ያስፈልጋል።

ሰው፦ ከንባቡ በኋላ

ደም ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ይወሰዳል። ሄፓሪን ያለበት ቱቦ ቀጥሎ የሚመጡትን ኢንዛይሞች ያግዳል። ቀይ የደም ህዋስ ኒውክሊየስ የለውም፤ ዲኤንኤው ከነጩ ነው። አንድ ህዋስ 6.6 ፒኮግራም ገደማ ይይዛል፤ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 5 ሚሊዮን ነጭ ህዋስ ካለ 33 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ለንባብ 1 ማይክሮግራም ከበቂ በላይ ነው። ምራቅም ይሠራል፤ ከአፍ ባክቴሪያ የመጣው ዲኤንኤ ግን የንባቡን ድርሻ ይሻማል። የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ደሙ ከተነበበ የሚነበበው የለጋሹ ጂኖም ነው፤ መጠይቁ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌለ ማንም አያውቅም።

አንድ ሰው ከማጣቀሻው ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ቦታ ላይ ይለያል። ዝርዝሩ ትክክል መሆኑን ለማየት አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ኤ ከጂ ጋር፣ ሲ ከቲ ጋር መለዋወጣቸው በተፈጥሮ ከሌሎቹ ለውጦች ይበዛል፤ በሙሉ የሰው ጂኖም ምጥጥኑ ከ2.0 እስከ 2.1 ነው። ለውጦቹ በዘፈቀደ ቢሆኑ 0.5 ይሆን ነበር። ስለዚህ ምጥጥኑ 1.6 ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ የንባብ ስህተት ገብቷል። ከዚህ ጋር ጾታው ከመዝገቡ ጋር መመሳሰሉ፣ ዝምድናውም እንደተባለው መሆኑ ይታያል፤ የናሙና መቀያየር ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል።

ከዚያ ማጣራት ነው። ያልተለመደ ሕመም ያለበት ልጅ ከእናትና ከአባቱ ጋር ከተነበበ፣ በሁለቱም ወላጅ ላይ የሌለ አዲስ ለውጥ በልጁ ላይ 70 ያህል ብቻ ነው የሚጠበቀው። ፕሮቲን ላይ የሚያርፈው ከእነዚህ አንድ ወይም ሁለት ነው። ወላጆች ካልተነበቡ ግን ብዙ መቶ ብርቅ ለውጥ እጅ ላይ ይቀራል። የቀሩት በ2015 በወጣው መመሪያ መሠረት በአምስት ደረጃ ይመደባሉ፦ አሳማሚ፣ ምናልባት አሳማሚ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ፣ ምናልባት ጉዳት የሌለው፣ ጉዳት የሌለው። አብዛኛው ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ ሐኪም በዚህ ደረጃ ላይ ባለ ውጤት ተመሥርቶ ቀዶ ሕክምና ማዘዝ የለበትም።

ፍርዱ የሚመዘነው በመረጃ ቋት ነው፤ ቋቱ ደግሞ ሚዛናዊ አይደለም። አብዛኛው የተነበበው ሰው አውሮፓዊ ዝርያ ያለው ነው። «በቋቱ ውስጥ ብርቅ ነው» ማለት «በሰው ዘር ብርቅ ነው» ማለት አይደለም። በ2016 የታተመ ጥናት የልብ ጡንቻ መወፈርን ያመጣሉ የተባሉ ለውጦች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመዱ፣ ጉዳትም የሌላቸው መሆናቸውን አሳይቷል፤ ለሕሙማን ግን የበሽታ ምክንያት ተብለው ተነግረዋል። ማጣቀሻውም ቢሆን፣ በ2013 የወጣውና ዛሬም በስፋት የሚሠራበት፣ 70 በመቶ ያህሉ ከአንድ ሰው የመጣ ነው። በ2023 የ47 ሰዎችን ጂኖም ያጣመረ ማጣቀሻ በንድፍ ደረጃ ወጥቶ በቀድሞው ያልነበረ 119 ሚሊዮን ቤዝ ጨምሯል።

ስም መሰረዝ ማንነትን አይደብቅም። ከ30 እስከ 80 የሚሆኑ በደንብ የተመረጡ የፊደል ልዩነቶች አንድን ሰው ከዓለም ሕዝብ ለመለየት ይበቃሉ። በ2008 የተደረገ ሥራ የአንድ ሰው ዲኤንኤ በብዙዎች ድምር ስታቲስቲክስ ውስጥ መኖሩን እንኳ ማወቅ እንደሚቻል አሳየ፤ ከዚያ በኋላ ክፍት የነበሩ ቋቶች ተዘግተው በማመልከቻ ብቻ የሚታዩ ሆኑ። የስንዴ ጂኖም ማንም ያውርደው፤ የሰው ግን የፈቃድ ቅጹ ላይ ውሂቡ ለማን፣ ለምን ጥናት፣ ለስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ያልተፈለገ ግኝት ቢወጣ ይነገረኝ ወይስ አይነገረኝ የሚለው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ውጤቱን የሚቀበል ሰው ከሪፖርቱ ሌላ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጥሬ ንባቡን ወይም ንባቡ ከማጣቀሻው ጋር የተሰለፈበትን ፋይል፣ የማጣቀሻውን እትም ቁጥር፣ ትንታኔው የተሠራበትን ቀን። እትም 37 እና 38 የአንድን ጂን አድራሻ በተለያየ ቁጥር ይጠራሉ፤ ሳይታወቅ ከተቀላቀሉ ትክክለኛው ለውጥ በተሳሳተ ጂን ላይ ይነበባል። ቀኑ ደግሞ የሚያስፈልገው፣ ዛሬ ትርጉሙ ያልታወቀ የተባለው ለውጥ ቋቱ ሲያድግ ወደ አንዱ ወገን ሊዞር ስለሚችል ነው። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ያው ፋይል እንደገና ሲተነተን፣ አዲስ ደም ሳይወሰድ፣ ቀድሞ መልስ ያላገኙ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ መልስ ያገኛሉ።